መልእክተኛው የት አለ?

በከዋክብት መካከል ስለሚሠራ መንግሥት በአማርኛ ልብ ወለድ ልጽፍ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አስቀድሞ የሚፈትነኝ ቃሉ ነው፤ «መንግሥተ ሰማያት» ብዬ ስጀምር አንባቢዬ ወደ ቅዳሴው ይሄድብኛልና። አይፈረድበትም፤ ሊቃውንታችን በሥነ ፍጥረቱ መጽሐፍ በአክሲማሮስ የመላእክትን ሰማያት ኢዮርን፥ ራማንና ኤረርን በ10 ከተማ ከፍለው፥ ሚካኤል በኃይላት፥ ገብርኤል በአርባብ ላይ እንደ ተሾሙ፥ 100ውም ነገደ መላእክት በየአለቃቸው እንደሚሰለፉ ሲያስተምሩ፥ የሰማዩን ሠራዊት ሥርዓት ከፈረንጅ ደራስያን ቀድመው ጨርሰውታል። በዚያ ሰማይ ግን፥ መልአክ በግእዙ መልእክተኛ ማለት ነውና፥ ትእዛዙና ወታደሩ አንድ አካል ናቸው፤ መንገድም ጊዜ አይፈጅም።

እኔ የምጽፍበት ሰማይ እንዲህ አይደለም። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ ፕሮክሲማ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ከዚህ የወጣ ትእዛዝ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ከ8 ዓመት በላይ ያልፋል፤ በዚያ መካከል ንጉሡ ቢያርፍ፥ አበጋዙ ለሙት ሲታዘዝ ይኖራል።

ትእዛዝ በመንገድ እንደሚዘገይ ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። በክረምት፥ የደነባ ዋልካ በቅሎዋን እስከ ጉልበቷ በሚይዝበት ወራት፥ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የጥንቱን የጦር ሰፈር በሰፌድ ላይ በባቄላ ይሠሩልኝ ነበር፤ ከመካከል ንጉሡ፥ ከፊት ፊታውራሪው፥ በቀኝ ቀኛዝማቹ፥ በግራ ግራዝማቹ፥ ከደጅ ደጃዝማቹ። «መልእክተኛውስ የት አለ፥ አባባ?» ብላቸው፥ አንዲት ፍሬ አንሥተው ከሰፌዱ ውጭ፥ መደቡ ላይ አኖሯት።

«እሱማ መንገድ ላይ ነው። እሱ እስኪደርስ ደጃዝማቹ ራሱ ንጉሥ ነው፥ ልጄ።»

የሰፈሩ ቦታ ስም የአገር ገዥ ማዕረግ ሆኖ መቅረቱ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

አይዛክ አሲሞቭ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 ባሳተመው «ፋውንዴሽን ኤንድ ኢምፓየር»፥ ቤል ሪዮዝ የተባለው ጄኔራል ድል እያደረገ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ክሊዮን ጠርጥሮ አስጠርቶ ያስገድለዋል። ጥርጣሬውን አምኜ ተቀብዬዋለሁ፤ ነገር ግን ደራሲው ወሬውን ከብርሃን አስቀድሞ ስለሚያደርስ፥ ያቺ ባቄላ ከሰፌዱ ወርዳ አታውቅም።

ስለዚህ መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ልቤ ወደ 1909 ዓ.ም. ይመለሳል። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል፥ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱ ማግስት ሸዋ ገብተው፥ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል ካደረጉ በኋላ፥ በዚያው ግለት ወደ አዲስ አበባ አልገሠገሡም፤ ያ ቆይታ ለሸዋው ጦር መሪ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር የሚከማችበትን ፋታ ሰጠ፤ ጥቅምት 17 ቀንም ንጉሡ ሰገሌ ላይ ተማረኩ።

አሁን በጀመርሁት ታሪክ አንድ የከዋክብት አበጋዝ ድል አድርጎ ቆሟል፤ የሚጠብቀው ትእዛዝ ገና የ3 ዓመት መንገድ ቀርቶታል። ሠራዊቱ ዓይን ዓይኑን እያየ ነው፤ እኔም ምዕራፉን እዚያው ላይ አቁሜዋለሁ።