የኳሱ ባለቤት ማን ነው? ትኬት የሚገዛው ወይስ ቼክ የሚፈርመው?

ከሊልበርን፣ ጆርጂያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ስለ አንድነት ስንሰብክ እንጠቅሰዋለን እንጂ ስለ ባለቤትነትም እንደሚናገር ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። ሃምሳ ሰው የተሸከመው ሎሚ የሃምሳው ሰው ነው። ሃምሳው ተሸክሞ የሚያዝበት ግን አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ጌጥነቱ ይቀርና ግብር ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ጥያቄም ይኸው ነው፤ የምንደግፋቸው የእግር ኳስ ክለቦችና በስማችን የሚጠራው የስፖርት ፌዴሬሽን ለመሆኑ የማን ናቸው?

«አገር በጭንቅ ላይ እያለች ስለ ኳስ ትጽፋለህ ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። እኛ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ምርጫና ስለ ተጠያቂነት ስንጽፍና ስንጨቃጨቅ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ ትልቁን የኢትዮጵያዊ ስብስብ አንድ ቦታ የሚያመጣው የፖለቲካ ድርጅት አይደለም፤ የኳስ ውድድር ነው። በገዛ እጃችን ባለ፣ መንግሥትም ፖሊስም በማይከለክለን በዚህ ቦታ ድምፅ መስጠትን ካልተለማመድን አዲስ አበባ ላይ ለሚደረገው ምርጫ መምህር ለመሆን የሞራል ብቃቱን ከየት እናመጣለን?

(የፌዴሬሽኑንና የውጭውን ዓለም ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገር ቤቶቹ በኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

1. እንግዳ የሆነው ባለቤት

በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ሂውስተን ላይ ሲመሠረት ጥቂት ስደተኞች ያሰባሰቧቸው ጥቂት ቡድኖች ብቻ ነበሩት። ዛሬ የጁላይ አራት ሳምንት ሲደርስ ከየስቴቱ፣ ከካናዳም ጭምር፣ ሕዝብ ይተማል። የኛዋ አትላንታም በ2011፣ በ2019 እና በ2024 አስተናግዳለች። በእነዚህ ሳምንታት ከሊልበርን እስከ ክላርክስተን የእንግዳ ፍራሽ ያልተነጠፈበት የሐበሻ ቤት አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፌዴሬሽኑ አወቃቀር ግልጽ ነው። አባላቱ ክለቦች ናቸው። እያንዳንዱ ክለብ ወኪሉን ወደ ቦርዱ ይልካል፤ ቦርዱ ደግሞ ሥራ አስፈጻሚውን ይመርጣል። ይህ በራሱ የሚናቅ አይደለም። ከብዙዎቹ የፖለቲካ ድርጅቶቻችን ይልቅ መሪ የሚቀያየርበት፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች የሚለፉበት ድርጅት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ትኬት ገዝቶ የሚገባው፣ ሆቴል የሚከራየው፣ ልጆቹን ጭኖ አሥር ሰዓት የሚነዳው አባወራ፣ ጀበናዋን ይዛ ድንኳን የምትከራየው እናት በዚህ አወቃቀር ውስጥ የት ናቸው? የትም የሉም። በወረቀት ላይ ደንበኞች ናቸው፤ ሲከበሩም እንግዶች። የበዓሉ ባለቤት ሕዝቡ እንደሆነ በየመድረኩ ይነገራል፣ በመተዳደሪያ ደንብ ግን ለሕዝቡ አንድ ድምፅ እንኳ አልተተወለትም።

ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል ሁለት ጊዜ አይተናል።

የመጀመሪያው በ2011 ነው። በኦክቶበር 2010 ከእስር የተፈቱት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ አትላንታ ላይ ለሚደረገው በዓል የክብር እንግዳ እንዲሆኑ ከተጋበዙ በኋላ ግብዣው ተሰረዘ። ውሳኔው ከትልቁ ስፖንሰር ከሼህ መሐመድ አል አሙዲ ጋር ተያይዞ ብዙ ተባለ፣ ብዙም ተጻፈ። ውዝግቡ እየሰፋ ሄዶ ፌዴሬሽኑ ለሁለት ተከፈለ። በጁላይ 2012 የመጀመሪያ ሳምንት ነባሩ ፌዴሬሽን ዳላስ ላይ፣ በባለሀብቱ ገንዘብ የቆመው አዲሱ ድርጅት ደግሞ ዋሽንግተን ላይ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት በዓል አደረጉ። ያን ጊዜ ነባሩን ፌዴሬሽን ከመውደቅ ያዳነው የትኛውም የቦርድ ስብሰባ አልነበረም። ትኬቱን ገዝቶ፣ መንገዱን ነድቶ ዳላስ የወረደው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ በኪሱ ድምፅ ሰጠ። ያ እስከ ዛሬ የሰጠው ብቸኛ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። ካዳነው በኋላ ግን ማንም ዞሮ «እንግዲህ የናንተም ነውና ኑ፣ ምረጡ» አላለውም።

ሁለተኛው በ2018 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳላስ በሚደረገው በዓል ላይ ለመገኘት ያቀረቡትን ጥያቄ ቦርዱ ሳይቀበለው ቀረ። ግማሹ «ደግ አደረጉ፣ ስፖርት ከፖለቲካ ነጻ ይሁን» አለ። ግማሹ «ሕዝቡን ሳይጠይቁ በሕዝቡ ስም እንዴት እምቢ ይላሉ?» ብሎ ተቆጣ። ይህ ጸሐፊ ስለ ሁለቱ እንግዶች ያለውን አስተያየት ለራሱ ይተወዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱም ወገኖች፣ በሁለቱም ጊዜያት፣ «ሕዝቡ ከኛ ጋር ነው» ማለታቸው ነው። ሕዝቡን የቆጠረው ግን ማንም የለም። መቁጠሪያው ስላልተሠራ የሚቆጠር ነገርም አልነበረም።

2. በአንድ ምሰሶ የቆመ ጣሪያ

አገር ቤት ያለውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስን እንውሰድ። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ በወጣቶች ተነሳሽነት ተመሠረተ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ። በደርግ ዘመን ክለቦች እንደገና ሲዋቀሩ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጠራ። የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ ክለቡን አንድ አድርጎ ያቆየው የትኛውም ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ ስሙ ሲነጠቅም «ጊዮርጊስ» እያለ መዘመሩን ያልተወው ደጋፊ ነው። ከዚያም ዘመን ተቀይሮ የባለሀብት ድጋፍ መጣ። ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ለዚህ ክለብ ያደረጉትን የሚክድ የለም። ነገር ግን ማመስገን አንድ ነገር ነው፣ ሙሉ ሸክሙን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ማሳረፍ ሌላ ነገር ነው። ባለሀብቱ በኖቬምበር 2017 ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ተይዘው እስከ ጃንዋሪ 2019 ሳይፈቱ ሲቆዩ በእሳቸው ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ጣሪያው በሙሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ምሰሶው ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ንድፉን «ጥሩ» የሚል መሐንዲስ የለም። ምሰሶውን መውቀስ አያስፈልግም፤ የሚስተካከለው ንድፉ ነው።

ደደቢት በ2005 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በ2011 ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ሻምፒዮን ሆኖ በ2014 ወረደ። ሻምፒዮንነት በእንዲህ ዓይነት ፍጥነት የሚተንበት ሊግ ክለቦቹ ሥር እንደሌላቸው ይናገራል። ሥር ደግሞ የሚበቅለው አባል ካለበት ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ «ከነማ» የሚለው ቃል ነው። ብዙ ወጣቶች የቦታ ስም ይመስላቸዋል። ቃሉ «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው አጥሮ የወጣ ነው። ማለትም በስሙ ብንሄድ የከነማ ክለብ ባለቤት ነዋሪው ነው። በተግባር ግን በጀቱን የሚመድበው፣ ሥራ አስኪያጁን የሚሾመውና የሚያነሳው የከተማው አስተዳደር ነው። ከንቲባ በተቀየረ ቁጥር ክለቡም አብሮ ይናወጣል። አብዛኞቹ ከነማዎች ኋላ ላይ ስማቸውን ወደ «ከተማ» ለውጠው አዋሳ ከነማ ሀዋሳ ከተማ ሆነ። ነዋሪውም ማኅበሩም ከስሙ ወጥተው ከተማው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ስሙን ይዞ የቀረው ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን ጎንደር በደስታ አደረች። ያን ሌሊት ከጨፈረው የጎንደር ሕዝብ ውስጥ የክለቡን ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ካርድ ያለው ስንቱ ነው?

እርግጥ በ2012 ዓ.ም. ክለቦቹ ሊጉን ራሳቸው እንዲመሩት አክሲዮን ማኅበር ማቋቋማቸው ትልቅ እርምጃ ነበር። በሚቀጥለው የውድድር ዘመንም ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ፤ ሊጉም በታሪኩ አይቶት የማያውቀውን የቴሌቪዥን ገንዘብ አገኘ። ሆኖም ነገሩን ልብ ብለን እንየው። ክለቦች በሊጉ ላይ ድምፅ አገኙ፤ ደጋፊዎች በክለቦች ላይ አላገኙም። ዴሞክራሲው አንድ ፎቅ ላይ ደርሶ ቆመ። የደጋፊ ማኅበራትም ማሊያ ይሸጣሉ፣ ያዋጣሉ፣ ያስጨፍራሉ፣ ጸጥታ ያስከብራሉ። አሠልጣኝ ሲሰናበት ወይም በጀት ሲጸድቅ ግን ዜናውን እንደማንኛውም ሰው በሬዲዮ ይሰማሉ።

3. ሌላው ዓለም ምን ያስተምራል?

በጀርመን ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ «ሃምሳ ሲደመር አንድ» ይባላል። ክለቡ ኩባንያ ቢያቋቁምም ከድምፁ ግማሽ በላይ በአባላቱ እጅ መቆየት አለበት። በኤፕሪል 2021 አሥራ ሁለት የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የግላቸውን ውድድር ሲያውጁ አንድም የጀርመን ክለብ አልነበረበትም። አባላቱ እንደማይለቋቸው ያውቃሉና። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ዊምብልደን የተባለው ክለብ በ2002 ወደ ሚልተን ኪንስ እንዲሄድ ሲፈቀድለት ደጋፊዎቹ ከዜሮ ተነስተው የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ፤ በ2011 ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ተመልሰው ገቡ። እዚሁ አሜሪካ፣ የገንዘብ አገር በሆነችው፣ የግሪን ቤይ ፓከርስ ቡድን ከ1923 ጀምሮ የሕዝብ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ባለአክሲዮኖች አሉት፤ ትርፍ አይከፈላቸውም፣ ማንም ብቻውን ከ200 ሺህ በላይ አክሲዮን መያዝ አይችልም። መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ቡድኗን ያልተነጠቀችው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስል የደጋፊ ባለቤትነት መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ባርሴሎና የአባላቱ ክለብ ነው፤ ሆኖም በ2021 ዕዳው ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ መሆኑ ታወቀ። መራጩ ሕዝብ ኮከብ ተጫዋች የሚያመጣለትን እንጂ ሒሳብ የሚያስተካክልለትን አይመርጥም የሚሉ ተቺዎች እውነት አላቸው። ሕግም ብቻውን አይበቃም። የጀርመኑ አርቢ ላይፕዚግ ድምፅ ያላቸውን አባላት በጣት ወደሚቆጠሩ ሰዎች አሳንሶ ሕጉን በፊደሉ አክብሮ በመንፈሱ ሽሮታል። ክለቦቻችንን ወደ አክሲዮን ማኅበር እንለውጥ የሚሉ ወገኖች ይህን ሊያስቡበት ይገባል። አክሲዮን ሻጩ የድምፅ ጣሪያ ካላስቀመጠ ሀብታሙ በሌላ በር ይገባል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ የባርሴሎና አባላት በ2020 በፕሬዚዳንታቸው ላይ የመተማመኛ ድምፅ ለመጥራት የሚያስፈልገውን ፊርማ ሰበሰቡ፤ እሳቸውም ድምፁ ሳይሰጥ ለቀቁ። አባላት ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ስሕተታቸውን የሚያርሙበት በር ግን አላቸው። የኛ ደጋፊ ስሕተት የሚሠራበትም የሚያርምበትም በር የለውም።

4. መልሱ ከቤታችን አለ

ለነገሩ ጀርመን ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። እድር አለን። በእድር ባለ ሱቁም ዘበኛውም እኩል ያዋጣሉ፤ ሁለቱም አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ሀብታም ድንኳን ቢገዛለት እድሩ ያመሰግነዋል፣ ይመርቀዋል፤ ዳኝነቱን ግን አይሸጥለትም። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያነባል። ጽሑፍ የማያውቁ እናቶች ሳይቀሩ «ያቺ ሁለት መቶ ብር የት ደረሰች?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ አትላንታ አካባቢም ይህንኑ እድር ይዘን መጥተን ሬሳ አገር ቤት እንልክበታለን። ሞትን በዴሞክራሲ ማስተናገድ የቻለ ሕዝብ ኳስን ያቅተዋል?

ስለዚህ የሚከተሉትን ለውይይት አቀርባለሁ፦

አንደኛ፣ ፌዴሬሽኑ የግለሰብ አባልነት ይክፈት። በዓመት መጠነኛ መዋጮ የከፈለ ሁሉ አንድ ድምፅ ይኑረው። ክለቦቹ የሠሩት ቤት ነውና አብላጫው የቦርድ ወንበር በእነሱ እጅ ይቆይ፤ ከወንበሮቹ አንድ ሦስተኛው ግን በአባላት ቀጥታ ምርጫ ይሞላ።

ሁለተኛ፣ የአንድ ስፖንሰር ድርሻ በዓመታዊው በጀት ውስጥ ጣሪያ ይበጅለት። ጣሪያው ስንት በመቶ ይሁን የሚለውን አባላቱ ይወስኑ።

ሦስተኛ፣ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ለአሜሪካ መንግሥት የሚያቀርቡት ፎርም 990 ለማንም ክፍት ነው። ግን ማን ያነበዋል? የሒሳቡ ማጠቃለያ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ከበዓሉ በፊት ይውጣ፤ በበዓሉ ሳምንትም አንድ ከሰዓት ለጉባኤ ይመደብ። ለዘፋኝ ሌሊቱን ሙሉ የምንቆም ሰዎች ለሒሳብ ሁለት ሰዓት አናጣም።

አራተኛ፣ አገር ቤት ለሚገኙ ክለቦች ከውጭ የምንልክ ደጋፊዎች፣ ጊዮርጊስም እንሁን ቡና፣ ገንዘባችንን ከአባልነት መብት ጋር እናያይዘው። «እንረዳለን፤ ድምፅም ይኑረን፤ እኛ ብቻ ሳንሆን ካታንጋ ተቀምጦ የሚያየውም ይኑረው» እንበል። ውጭ ያለው ዶላር ስላለው ብቻ ድምፅ አግኝቶ ስታዲየም የሚውለው ከተነፈገማ አንዱን ባለሀብት በብዙ ትናንሽ ባለሀብቶች ተካን እንጂ ምንም አልሠራንም።

ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ እንደሚያመጣ አልክድም። ጎጥም ጎሳም ምርጫው ውስጥ ሊገባ ይሞክራል። ግን ድምፅ ባልነበረበት ዘመንስ መቼ ቀረልን? በ2012 የተከፈልነው ድምፅ ስለሰጠን አይደለም፤ ልዩነታችንን የምንለካበት ሳጥን ስላልነበረን ነው። ሳጥን ቢኖረን የተሸነፈው ወገን ለሚቀጥለው ዓመት ይዘጋጅ ነበር፤ ስላልነበረን ሌላ ስታዲየም ተከራየ።

ቸር ይግጠመን።