ዊዳል የሚናገረውና የማይናገረው

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ሲያሸት በቆቦና በራያ ቆላ ትኩሳት ይበረታል። ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከጎሊና ወንዝ ዳር ለሚመጣው ሕመምተኛ የምርመራ መጠየቂያው ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይታዘዛል፤ የወባ ደም ፊልምና ዊዳል። ሕመምተኛው ሁለቱንም «የደም ምርመራ» ይላቸዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ለምንሠራ ግን በጣም ይለያያሉ። በወባ ፊልም ጥገኛ ተሕዋሱን ራሱን በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። በዊዳል ባክቴሪያውን አናየውም፤ የምንፈልገው ሰውነት ታይፎይድን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል በሽታው ካለፈ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል።

ምርመራው የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1896 ባስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም በፈርናንድ ዊዳል ነው። አሠራሩ ቀላል ስለሚመስል ብዙዎች ይቸኩሉበታል። ደሙ ረግቶ በሴንትሪፊዩጅ ከተሽከረከረ በኋላ ከላይ የሚቀረውን ቢጫ ሴረም እንወስዳለን። ሪኤጀንቱ የተገደለ የታይፎይድ ባክቴሪያ ነው፤ በብዙ ኪቶች የባክቴሪያውን አካል የሚወክለው «ኦ» ሰማያዊ፣ የሚዋኝበትን ጅራፍ የሚወክለው «ኤች» ቀይ ቀለም አለው። የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያሳስበን እሱ ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል፤ ጠርሙሱም በደንብ ይናጣል፤ አለዚያ ባክቴሪያው ከሥር ዘቅጦ ይቀራል።

የሴረሙንና የሪኤጀንቱን ጠብታዎች ስላይድ ላይ ቀላቅለን ለአንድ ደቂቃ ያህል በእጅ እያዞርን እናያለን። ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ እውነተኛው መያያዝ ፈሳሹን አጥርቶ እንክብል እንክብል ያደርገዋል። ደቂቃው ካለፈ የጠብታው ዳር ይደርቅና ያልተያያዘውም የተያያዘ ይመስላል፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ይህ ቶሎ ይመጣል። ስለዚህ እንደማይያያዝ የታወቀውን ኔጌቲቭ ኮንትሮል ከጎኑ ሳላስቀምጥ አላነብም። ከተያያዘ በኋላም ሥራው አያልቅም። ሴረሙን 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮሊትር እያደረግን ስንደግመው ታይተሩ፣ ማለትም መያያዝ የሚታይበት የመጨረሻው ቅጥነት፣ ከ1፡20 እስከ 1፡320 የቱ ላይ እንደሚቆም እናውቃለን። በአንድ ጠብታ ብቻ «ፖዘቲቭ» ብሎ መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው።

ሙሉው ሥራም ቢሆን ወሰን አለው። በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት ፀረ እንግዳ አካሉ ገና ስላልበዛ ታይፎይድ ያለበት ሰው ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎች፣ ወባና የቆየ ሕመም ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ። አስተማማኝ የሚሆነው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ ታይተሩ አራት እጥፍ ሲያድግ ነው፤ ያመመው ሰው ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። የተሻለው ማረጋገጫ የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ ማየት ነው፤ እሱም በብዙ ጤና ጣቢያ አይገኝም። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ትኩሳት የነበረባቸውን 270 ሕመምተኞች በሁለቱም መንገድ መርምሮ ነበር። በስላይድ ከሦስቱ አንዱ ያህል ፖዘቲቭ ሲሆኑ በካልቸር የታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የዚህ ልዩነት ጉዳት ሰው ላይ ይደርሳል። ሑመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ይዞ የተመለሰ ወጣት ካላዛር ሊኖርበት ይችላል፤ ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከብት ጠባቂም ብሩሴሎሲስ። «ታይፎይድ ነው» ከተባሉ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። ያለ አግባብ የተሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲንም ባክቴሪያዎችን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምዳቸዋል፤ በእውነት ታይፎይድ የያዘው ሰው መድኃኒቱን ሲፈልገው አይሠራለትም።

አንዲት እናት መድኃኒታቸውን ጨርሰው፣ ድነው፣ ድጋሚ ሊመረመሩ መጡ። «ልጄ፣ ከደሜ ወጥቶልኛል ወይ?» አሉኝ። «እናቴ፣ ይህ ምርመራ መዳንዎን አያሳይም፤ ዛሬ ቢያዩት አሁንም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ትኩሳቱ ከለቀቀዎት፣ ምግብ ከበሉ፣ ጉልበትዎ ከተመለሰ ድነዋል» አልኳቸው። ይህን ማስረዳት ከሥራችን አንዱ ክፍል ነው፤ ካላስረዳን በቁጥሩ የተነሳ እንደገና መድኃኒት ይገዛሉ።

ውጤት መላኪያው ላይ የበሽታ ስም መጻፍ የእኛ ድርሻ አይደለም፤ የ«ኦ» እና የ«ኤች» ታይተር፣ የኮንትሮሉን ሁኔታ፣ የወባ ፊልሙን ውጤት አብረን እንጻፍ። ሐኪሞቻችንም መጠየቂያው ላይ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ይጻፉልን። ታይተር ትርጉም የሚኖረው የሕመሙ ቀን አብሮት ሲታወቅ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የታየ 1፡160 እና በአሥራ ሁለተኛው ቀን የታየ 1፡160 አንድ ዓይነት መልስ አይደሉም።