«ማቅናት» ማን ላይ?

እንግሊዝኛ «ዩዘርፕ» የሚል ግሥ አለው። የሌላውን ዙፋን፣ ሥልጣን ወይም መብት ያለ አግባብ ይዞ እንደ ባለቤት መቀመጥ ማለት ነው። ፍርዱ እዚያው ግሡ ሆድ ውስጥ ነው፤ ቃሉን ያነሣ ሰው «መብት አልነበረውም» ብሎ ፈርዷል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን አማርኛ አቻ አምጡለት እላቸው ነበር። «ቀማ»፣ «ነጠቀ» ይሉኛል። ደህና፤ ግን ኪስ አውላቂም ይቀማል፣ ጭልፊትም ይነጥቃል። የዙፋን ጉዳይ ሲሆን አማርኛችን ጨዋ ይሆናል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን «ያዘ»፤ ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባን «ተቆጣጠረ»። «ወረሰ» ደግሞ ይብሳል። ልጅ የአባቱን ቤት ይወርሳል፤ መንግሥትም በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ወረሰ። ሟቹ ማን እንደነበረ እንጃ!

ሁሉንም የሚያስንቀው ግን «አቀና» ነው። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረከ፤ ጎረቤቱ ሸካም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ይህን «ሀገር ማቅናት» ብለን ተማርን፤ አስተማርንም። ከማሻ፣ ከዚያው ከሸካ የመጣ አንድ ተማሪ ታዲያ «መምህር፣ ቀድሞ ጠማማ ነበርን እንዴ?» አለኝ።

ጠማማ አልነበሩም። ሸካ የራሱ ንጉሥ ነበረው። ደኑም «ኮቦ» በሚሉት ሥርዓት ተከፋፍሎ፣ የትኛው ዛፍ ላይ ማን ቀፎ እንደሚሰቅል የታወቀ ነበር። «ማቅናቱ» ያመጣለት ገባርነትን ነው።

ነገሩ የአማርኛ ድህነት አይደለም። እንግሊዞችም ያን የመሰለ ግሥ እያላቸው፣ ቅኝ ሲገዙ «ሰላም አሰፈንን» ይሉ ነበር። ግሡን የሚመርጠው አሸናፊው ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ገባሩን ነፃ አወጣ፤ ኮቦውንም የመንግሥት አደረገው። ከዚያ ወዲህ የሸካ ደን ለቡናና ለሻይ እርሻ ሲቆረስ፣ ቃሉ «ለልማት ተሰጠ» ሆነ። «ተሰጠ» ሲባል ሰጪው አይታይም፤ ቀፎ ሰቃዩማ ጭራሽ የለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ደን እስከዚያ የቆየው ግን በነዚሁ ሰዎች ጥበቃ ጭምር ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ «ያዘ»፣ «ወረሰ»፣ «አቀና»፣ «ተሰጠ» የሚል ስታነብ ሁለት ጥያቄ ጨምርበት፦ ከማን? በምን መብት? መልስ ያለው ግሥ አይደነግጥም።