ከዐማርኛ ወደ ዐረብኛ በእንግሊዝኛ በር
ስለ ኢንተርኔት መተርጎሚያዎች የቀረበ አጭር ሒስ

መጽሐፍ በታተመ ጊዜ ሒስ ይጻፍበታል። በየስልኩ ያለው የኢንተርኔት መተርጎሚያ ግን ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ በየቀኑ በሰው እጅ የሚገባ ሲሆን፣ ትርጒሙ እንደ መጽሐፍ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ወገኑን ብቻ፣ ይኸውም የዕለት ተዕለት ዐማርኛ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ የሚደርስበትን፣ ለመመርመር አስበናል።

ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት ሩቅ አይደለም። ከጎጃም ደጋም ሆነ ከሌላው የአገራችን ክፍል ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ሄደዋል፤ ዛሬም ይሄዳሉ። የነገሩን ስፋት ለመገመት፣ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወንዶችና ሴቶች ወገኖቻችን መመለሳቸውን ማስታወስ ይበቃል። ቋንቋውን ሳትማር የሄደች ልጅ ከአሠሪዋ ጋር ለመነጋገር ተስፋዋ ስልኳ ነው። የትርጒም ስሕተት ለእኛ የክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲሆን፣ ለእርሷ ግን የደመወዝና የጤና ጉዳይ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ «ማዳም፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ነገ በሁለት ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰጂኝ።» በደብረ ማርቆስ ይህን የሰማ ሁሉ የሚነገራት ሴት መሆኗን፣ ሕመሙ ቁርጠት መሆኑን፣ ሰዓቱም ጧት መሆኑን ያለ ጥርጥር ያውቃል። ይህንኑ በአንድ መተርጎሚያ ወደ ዐረብኛ ብንመልሰው፣ «ሐኪም ቤት» የሚለው በደኅና ወጣ። «ውሰጂኝ» ግን ለሴት የሚነገረው «ኹዚኒ» መሆኑ ቀርቶ ለወንድ የሚነገረው «ኹዝኒ» ሆነ፤ ቁርጠቱም በቢላዋ እንደ መቁረጥ ተቈጠረ። ከሁሉ የሚከፋው የሰዓቱ ነገር ነው። የእኛን የጧት ሁለት ሰዓት ዐረቦች ስምንት ሰዓት ይሉታል። ማሽኑ «ሁለት» የሚለውን ቁጥር እንዳለ ስላሳለፈው፣ አሠሪዪቱ ከቀትር በኋላ መስሏት ብትመጣ ሕመምተኛዪቱ ስድስት ሰዓት ሙሉ ትጠብቃለች ማለት ነው።

ስለ ሰዓቱ ማሽኑን ብቻ መውቀስ አይገባ ይሆናል፤ ልማድን ማወቅ ይጠይቃልና። የጾታው ስሕተት ግን ሌላ ነገር ያመለክታል። በግእዝ «አንተ» እና «አንቲ» እንላለን፤ በዐረብኛም እንዲሁ «አንተ» እና «አንቲ» ይባላል፤ በዐማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ነው። ሦስቱም እኅትማማች ቋንቋዎች ወንድና ሴትን ለይተው ይጠራሉ። ይህን የማይለየው እንግሊዝኛ ነው፤ «ዩ» በሚለው አንድ ቃል ወንዱንም ሴቱንም፣ ትንሹንም ትልቁንም ይጠራል። በሁለት ቋንቋዎች መካከል ጐን ለጐን የተተረጐመ ጽሑፍ ሲያንስ እንግሊዝኛን መሸጋገሪያ ማድረግ በዚህ ሙያ የታወቀ ዘዴ ነው። ከላይ ያየነው ስሕተትም የዚሁ መንገድ ምልክት አለበት። ሁለቱ ቋንቋዎች በእጃቸው የነበረውን ሀብት በእንግሊዝኛው በር ሲያልፉ ጥለውት ይወጣሉ።

የጽሑፉ ማነስ በሌላም ነገር ይታወቃል። ጉግል ዐረብኛን በመተርጎሚያው ያቀረበው በሚያዝያ 1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዐማርኛን የጨመረው ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ ከዐረብኛ መተርጐም ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ጳጳስ አቡነ ሰላማ «መተርጉም» የተባሉት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ስላስተረጐሟቸው መጻሕፍት ነው። ፍትሐ ነገሥትም ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዐረብኛ ነው። የቀድሞ ተርጓሚዎችም አልተሳሳቱም አንልም፤ በፍትሐ ነገሥቱ ግእዝ ውስጥ ዐረብኛውን ካላዩ በቀር የማይፈቱ ስፍራዎች መኖራቸውን ሊቃውንት አመልክተዋል። ነገር ግን የትርጓሜ መምህር በተጠራጠረ ጊዜ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ፍች ያቀርባል። በፈተንነው መተርጎሚያ ግን «አንድም» የለም፤ የተጠራጠረበትንም ያረጋገጠውንም በአንድ ዓይነት ድፍረት ይናገራል።

ሌላም ጒድለት አለ። ማሽኑ የሚያወጣው በአብዛኛው የመጽሐፍና የጋዜጣ ዐረብኛ ነው። አንዲትን ሴት «ምን ትፈልጊያለሽ?» ለማለት በዚህኛው «ማዛ ቱሪዲን» ይባላል። በቤሩት ቤት ውስጥ የሚሰማው ግን «ሹ ቢድክ»፣ በጅዳ ደግሞ «ኤሽ ትብጊ» ነው።

ከዚህ የተነሣ መተርጎሚያው ይጣል አንልም። ጨው፣ ሳሙና፣ መድኃኒት የመሳሰለውን የዕቃ ስም በደንብ ያወጣልና፣ ከምንም ይሻላል። የሚጠቀሙበት ግን ዐረፍተ ነገሩን ቢያሳጥሩ፣ ሰዓቱን በዐረቦች አቈጣጠር ለውጠው «ጧት» ወይም «ማታ» የሚለውን ቢጨምሩ፣ የወጣውንም መልሰው ወደ ዐማርኛ ቢያስተረጕሙት ብዙ ስሕተት ይድናል።

ለእኛ ለተማሪዎች ግን ከዚህ የበለጠ ሥራ አለብን። ከጅዳና ከቤሩት ተመልሰው በከተማችን ሻይ የሚያፈሉ፣ በገበያም የሚነግዱ እኅቶቻችን፣ የቤቱን፣ የወጥ ቤቱንና የሐኪም ቤቱን ዐረብኛ በጆሮአቸው ተምረውታል። ይህን ዕውቀት እስከ ዛሬ ከትምህርት አልቈጠርነውም። እነርሱን መምህራን አድርገን፣ ለድካማቸውም ዋጋ ከፍለን፣ የዐማርኛና የዐረብኛ የዕለት ንግግር ጐን ለጐን ብንጽፍ፣ ሁለቱ እኅትማማቾች ያለ እንግሊዝኛ የሚገናኙበት መንገድ ይጀመራል። ይህ ሥራ ማሽኑ እስኪሻሻል መጠበቅ የለበትም፤ ማሽኑም የሚሻሻለው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያገኝ ነውና።