መስታወት ፊት ሁሉም ጻድቅ ነው

አያቴ አንዲት መስታወት ነበረቻቸው። መስታወት ከተባለች፤ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ዙሪያዋ የተሸራረፈ ስባሪ ነበረች። መካነ ብርሃን ከሚገኘው ቤታችን ምሰሶ ላይ ተሰክታ ትውላለች። እምዬ (የልጅ ልጆቻቸው የምንጠራቸው እንዲህ ነበር) ለሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሲነሡ ወደ ምሰሶው ጠጋ ይሉና አንዴ ዓይናቸውን፣ አንዴ ጥርሳቸውን፣ አንዴ ደግሞ የሻሻቸውን አስተሳሰር ያዩባታል። ሙሉ ፊታቸውን ግን አንድም ቀን አላዩባትም። ከየት አባቷ አምጥታ ታሳያቸው!

አንድ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ላይ የተነሣነው ፎቶግራፍ ጎንደር ታጥቦ መጣ። እምዬ በጣታቸው እየጠቆሙ የእያንዳንዳችንን ስም ጠሩ። መካከል ላይ የተቀመጡት አሮጊት ዘንድ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እናቴን ማን ነው ያነሣት?» አሉ።

«አንቱ ነዎት እኮ እምዬ» አልኳቸው።

«ወግድ! እኔ የእናቴን መልክ አላውቅም?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እምዬ አልተሳሳቱም ነበር። የእናታቸውን ፊት ዕድሜ ልካቸውን በገዛ ዓይናቸው አይተውታል፤ የራሳቸውን ግን አላዩትም።

ይህን ትዝታ የሚቀሰቅስብኝ «ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስታወት ነው» የሚለው አባባል ነው። በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በመጽሐፍ ምረቃ ላይ አጨብጭበንለታል፤ በየመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ላይ አንብበነዋል። እኔም ራሴ ከአንድም ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ግን ቃሌን ማንሣት አማረኝ። ለመሆኑ መስታወት ፊታችንን በትክክል ያሳየናልን?

እስቲ አንባቢ አንድ ሙከራ ያድርግ። መስታወቱን በትኩስ ውኃ እንፋሎት ያጉመው፤ ከዚያም የሚታየውን የፊቱን ዙሪያ በጣቱ ይከተል። ሲጨርስ ይለካው። በመስታወቱ ላይ የተሣለው ፊት የራሱ ፊት ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ኤርነስት ጎምብሪች በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሙከራ አንሥቶ፣ ሰዎች እስኪለኩት ድረስ እንደማያምኑት ጽፏል። በየማለዳው ግማሽ ፊት እያየን ሙሉ ያየን ይመስለናል ማለት ነው።

በመጠኑ ብቻ አያበቃም። ቀኝ ጉንጬ ላይ ያለው ጠባሳ በመስታወቱ ውስጥ ፊት ለፊቴ ለቆመው ሰው ግራ ጉንጭ ላይ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ሚታ፣ ዴርመርና ናይት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሴት ተማሪዎችን ፎቶግራፍ በሁለት መንገድ አሳተሙ፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው እንደ መስታወት ተገልብጦ። ባለፊቶቹ የተገለበጠውን ሲያዘነብሉ፣ ወዳጆቻቸው ግን ያልተገለበጠውን መረጡ። የለመድነውን እንወዳለን፤ እኛ የለመድነው ፊት ደግሞ ሌላው ሰው የሚያውቀው አይደለም። ፎቶግራፍ ባየን ቁጥር «ኧረ እኔ እንዲህ አይደለሁም!» የምንለው አንድም በዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው። አንድ መስታወት ብቻ ይዞ የራሱን የጎን መልክ አጥርቶ ያየ ሰው የለም። ፊታችንን ስናዞር ዓይናችንም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ መስታወት ውስጥ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነን፤ ሁልጊዜ ሁለት ዓይን አለን። ይህን ይዘን ወደ ጎንደር ብንወርድ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት መላእክት በሁለት ዓይናቸው ቁልቁል ያዩናል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ወግ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ሆኖ ይሣላል፤ ከሐዲና ሰይጣን ግን በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን። እንግዲህ በዚህ ወግ ከሄድን፣ መስታወት ፊት የቆመ ሰው ሁሉ ጻድቅ ነው! ኃጢአተኛው ጎናችን የሚታየው አጠገባችን ለቆመው ሰው ብቻ ነው።

ጎንደር ይህን ነገር በንጉሥ ደረጃ ፈትናዋለች። ከ1730 እስከ 1755 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ ኢያሱ በቤተ መንግሥታቸው አንድ አዳራሽ አስጌጡ። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ የግድግዳው ግርጌ በዝሆን ጥርስ ተለብጦ፣ ከዚያ በላይ ወርቅ በተቀባ የመዳብ ክፈፍ የተያያዙ ሦስት ረድፍ የቬኒስ መስታወቶች ተደርድረውበት ነበር። ንጉሡ ወደየትም ቢዞሩ የሚያገኙት ራሳቸውን ነው። አንድ ኢያሱ ሲገቡ ስንት ኢያሱዎች አብረው ይገቡ ይሆን?

ከግቢው ውጭ ግን ሌላ መልካቸው ይሣል ነበር። ያው ብሩስ እንደሚተርከው፣ በግንባታና በጌጥ ተጠምደው ዘመቻ ረስተዋል ብሎ የሚሣለቅ «የትንሹ ኢያሱ ዘመቻዎች» የተባለ የሽሙጥ ጽሑፍ ተሠራጨባቸው። አያታቸው ታላቁ ኢያሱ ናቸውና «ትንሹ» የምትለዋ ቃል አጥንት ድረስ ዘለቀች። ብሩስ ንጉሡን ለዘመቻ ያነሣሣቸው ይኸው ሽሙጥ እንደሆነ ይነግረናል። በ1744 እ.ኤ.አ. ሰናርን ሊወጉ ወረዱ፤ ሠራዊታቸውም ተሸነፈ። ዛሬ በግቢው ለሚዞር ጎብኚ ከእነዚያ መስታወቶች አንዱም አይታየውም።

ሦስት ረድፍ መስታወት ያልነገራቸውን አንዲት ጽሑፍ ነገረቻቸው። ይሁንና በመስታወት መካከል የኖረ ሰው የጎን መልኩ ሲነገረው መቻል ያቅተዋል። ቆም ብሎ «እውነት ይሆን?» ከማለት ይልቅ ጦሩን ይሰብቃል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ያን አዳራሽ ረግጦ የማያውቅ ባላገር ነው።

የንጉሡ እናት እቴጌ ምንትዋብ ራሳቸውን ያሳዩት በሌላ መንገድ ነው። በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ ውስጥ፣ ልጇን ከታቀፈችው እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በእርግጥ ልብሳቸው የንግሥት ልብስ ነው፤ ትሕትናውም ቢሆን ሥዕል እስከሚሣልለት ድረስ የታሰበበት ነው። ቢሆንም ሠዓሊው መስታወት የማይሆንለትን አድርጓል። መስታወት ባለፊቱን ሁልጊዜ መካከል ላይ ያቆመዋል። ናርጋ ላይ ግን መካከሉ የሌላ ነው፤ እቴጌይቱ የሚለኩት ከእሳቸው በሚበልጥ አጠገብ ነው። ከአዳራሹና ከሥዕሉ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ሥዕሉን እመርጣለሁ።

አማርኛችንም ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ፊት ሰጠኝ፣ ፊት ነሣኝ፣ ፊቱን አዞረብኝ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ፊቱ ተፈታ እንላለን። በእነዚህ አባባሎች ሁሉ ውስጥ ሁለት ሰው አለ፤ ባለፊቱና ተመልካቹ። ፊት ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚታይ ነገር አይደለም።

የሰሞኑን ጽሑፎቻችንን የምመዝነው በዚህ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እዚሁ ሰሜን ጎንደር፣ ዳባት ድረስ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ጦርነት የተጻፉ ግጥሞች፣ ማስታወሻዎችና ልብ ወለዶች እጄ ሲገቡ አነባለሁ። ሐዘናቸው እውነተኛ ነው፤ በዚህ የሚቀልድ ሰው ልብ የለውም። ሥዕላቸው ግን ይጎድላል። በብዙዎቹ ውስጥ የእኛ ሰው ሁለት ዓይን አለው፤ የወዲያኛው ሰው አንድ። በወዲያኛው ወገን የሚጻፈውም ተገላቢጦሹ እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ሁሉም መስታወቱን ይዞ ቆሟል፤ ሁሉም የሚያየው ጻድቅ ነው። የእኛን ሰው በጎኑ፣ ሲፈራና ሲበድልም ጭምር ያሳየ ደራሲ ቢመጣ ምን ብለን እንደምንቀበለው ሳስብ፣ «ትንሹ» የተባሉት ንጉሥ ትዝ ይሉኛል።

ስለዚህ ደራሲዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። መስታወት አትያዙልን፤ መስታወት ሞልቶናል፤ በየእጅ ስልካችን ውስጥ ስናየው እንውላለን። ከጎናችን ቁሙና የታያችሁን ንገሩን። እኛ አንባቢዎችም ጦር ሳንሰብቅ እንስማ።

መስማት ይቻላል። የዚያን ዕለት እምዬ ሳቃችን እስኪበርድ ዝም አሉ። ከዚያም ፎቶግራፉን እንደገና ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወጣ አሉና፣ ረጅም ጊዜ አይተው፣ «ለካስ እናቴን መስያለሁ» አሉ። ፎቶግራፉንም ከምሰሶው ላይ፣ ከስባሪዋ መስታወት አጠገብ ሰኩት።