ጃፓናዊው ተማሪ በእንግድነት ሲመጣ

የልውውጥ ተማሪን ማስተናገድ ማለት ከሌላ አገር የመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከቤተሰብ ጋር እየበላና እያደረ፣ ከቤቱ ልጅ ጋር ትምህርት ቤት የሚመላለስበት ልማድ ነው። የጦር ሜዳ አምቡላንስ ይነዱ የነበሩ አሜሪካውያን የመሠረቱት ኤ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው ድርጅት በ1947 እ.ኤ.አ. የተማሪዎች ልውውጥ ጀመረ፤ ጃፓናውያን በ1954 ተቀላቀሉ። ጦርነት ያዩ ሰዎች ዕርቅን ከማዕድ መጀመራቸው ብልህነት ነው።

ኢትዮጵያና ጃፓን በእንግድነት የተዋወቁት ከዚያ በፊት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ።

ለጃፓናዊ ልጅ ግን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት በዚህ ሰፈር የጃፓኖቹ ኮሮላ፣ ቪትዝና ሃይሉክስ የዕለት ቋንቋ ናቸው፤ አማርኛ ባያግባባ የፍሬን ሸራ ያግባባል። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠትና በሁለት እጅ መቀበልም በሁለቱም አገር ጨዋነት ነው። የሚያስደነግጠው ጉርሻው ነው፣ በተለይ ሁለተኛው። ቡና ላይም ከአቦል በኋላ ቢነሣ አይለቀቅም፤ ቶናና በረካ ይቀራሉ።