«ሳሳ» የት ገባ?

ዛፍ ለበዛበት ቦታ አማርኛችን የቃል ድሃ አይደለም። ደን አለ፣ ጫካ አለ፣ ዱር፣ ጥሻ፣ ቁጥቋጦ አለ። ባላገሩ አንዱን ከሌላው ለመለየት ሜትር አይዝም። ለዓለም ሂሳብ የሚያቀርብ አገር ግን ሜትር መያዝ ግድ ይሆንበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ያቀረበችው የደን ሂሳብ መነሻ ሰነድ «ደን» የሚለው፣ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሸፍን፣ ዛፉ ወይም ቀርከሃው 2 ሜትር የሚደርስ፣ ጥላው የመሬቱን 20 በመቶ የሚሸፍን ቦታን ነው። ወደፊት እዚህ ልክ ይደርሳል የሚባለውም ይቆጠራል።

ቀድሞ ቁመቱ 5 ሜትር ነበር። ወደ 2 ሲወርድ፣ አንድ ችግኝ ሳይተከል ስንቱ ጥሻ ደን ተባለ! ማጭበርበር ነው እንዴ? አይደለም። የደረቁ ቆላ ዛፍ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ በድሮው ትርጉም ቢመነጠር የሚቆጥርለት አልነበረም። በዚህስ አልጣላም።

የምጣላው በሌላ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቆማችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። እርሻ የነበረው መሬት ቤት ሆኗል፤ በመዝገቡ «ከእርሻ ወደ ሰፈራ» የሚባል ነው። ይህን ሳተላይት አይስተውም። አሁን ቀና በሉና ወደ እንጦጦ እዩ። በምኒልክ ዘመን መተከል ከጀመረው ባሕር ዛፍ ሥር፣ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶች አሉ። ያ ሸክም በየትኛው ዓምድ ተጻፈ?

በየትም። ሰነዱ ከ2000 እስከ 2013 የተመነጠረውንና አዲስ የለማውን ቆጥሮ፣ የሳሳውን ተወው፤ አስተማማኝ መረጃ የለም በሚል። እርግጥ ነው፣ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆነ የሳተላይት ነጥብ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አይታይም። ግን አስቡት፦ ጥላው ከ80 በመቶ ወደ 25 ቢወርድም ቦታው ያው «ደን» ነው። የነደደው እንጨት ጭስ ግን ወጥቷል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ለደን ጥበቃ የሚመጣው ክፍያ በተለካ ቶን ነውና፣ ያልተለካ ነገር ገንዘብ አይጠራም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የምትፈልገው ሴት ድካም ያለው ደግሞ እዚያው ባልተለካው ውስጥ ነው። ስምምነቱ መነሻውን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል ይፈቅዳል፤ ሰነዱ በታደሰ ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው።

እናንተም «የደን ሽፋናችን ይህን ያህል በመቶ ደረሰ» ሲባል ስትሰሙ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ጠይቁልኝ፦ በየትኛው ትርጉም? የሳሳውስ?